ሳይቃጠል በቅጠል፦ ለባሕር ዳር ብስክሌተኛ የቤት ውስጥ ጥገና

ባሕር ዳር ላይ ጠዋት ከቤት የሚወጣ ሰው ብዙ ነገሩ በሌላ ሰው እጅ ነው። መብራት ይጠፋል፤ መቼ እንደሚመጣ የሚነግረው የለም። ነዳጅ የለም ሲባል የባጃጁ ሰልፍ መንገድ ይዘጋል፤ የጉዞው ዋጋም በዚያው ይጨምራል። ኔትወርክ ከሌለ ብር እያለው ከሱቅ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስልኩ አልሠራ ካለ ደግሞ ከፍቶ የሚያየው ነገር የለም፤ መስጠት፣ መጠበቅ፣ መክፈል ብቻ ነው።

ብስክሌት እንዲህ አይደለም። የተበላሸው በዓይን ይታያል፣ እጅም ይደርስበታል። አብዛኛው ብልሽት አንድ ቀን ሳይሆን ቀስ እያለ የመጣ ነው፤ ቀድሞ የሚያየው ካገኘ በአንድ ቁልፍና በጥቂት ዘይት ይድናል። ከተማችን ሜዳ ናት። ግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለብስክሌት የተተወ መስመር አለው። ብስክሌቱን ደህና አድርጎ የያዘ ሰው ቢያንስ መንገዱን ከሌላ ሰው አይለምንም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ትንሽ ጊዜ ስጡት። ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል ይዛችሁ ሂዱ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ከሁሉ በፊት የእጅ መንፊያ ግዙ። ጎማ የሚነፋላችሁ ሰው ኮምፕረሰሩ በመብራት ነው የሚሠራው። መብራት በጠፋበት ቀን ጎማችሁ ከተነፈሰ ሁለቱ ችግሮች ተደርበው ይመጣሉ። መንፊያ ቤት ውስጥ ካለ አንደኛው ይቀንሳል።

ቀጥሎ 15 ቁጥር ቁልፍ። ለፔዳልና ለብዙዎቹ የኋላ ጎማ ብሎኖች የሚሆነው እሱ ነው። ማውንቴን የሚባለውን ዓይነት የምትነዱ ከሆነ 4፣ 5 እና 6 ቁጥር ባለ ስድስት ጎን ቁልፎች ጨምሩ። አንድ ካቻቢቴ፣ ጎማ ማውለቂያ ሁለት ፕላስቲክ፣ ማስቲሽ፣ መለጠፊያ ጎማ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ጨርቅ። ዘይቱ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ቢሆን ይበቃል፤ ለብስክሌት ተብሎ የተሠራ ካገኛችሁ ደግሞ የተሻለ ነው።

ጎማ ለማውለቅ ካቻቢቴ አትጠቀሙ። ጫፉ የውስጡን ጎማ ይነክሰዋል። አንድ ቀዳዳ ልትደፍኑ ገብታችሁ በሁለት ትወጣላችሁ። ፕላስቲኩ ከጠፋ የማንኪያ እጀታ ይሻላል።

አየር

ጎማ ባይበሳም አየር ቀስ በቀስ ይወጣል። ሰው ግን ጎማው መሬት እስኪነካ ይጠብቃል። ይህ ትልቁ ጥፋት ነው፤ ምክንያቱም ልል ጎማ የኮብልስቶን ጠርዝ ሲያገኝ የውስጡ ጎማ በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ይቀረቀርና ይቆረጣል። የውስጡን ጎማ ማለትም ከመነዳሪውን አውጥታችሁ ስታዩ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ትንንሽ ቀዳዳዎች ካገኛችሁ እሾህ አይደለም። አየር ማነስ ነው።

ልኩን ለማወቅ የጎማውን ጎን አንብቡ። በፒኤስአይ፣ ማለትም በአየር ግፊት መለኪያ፣ ተጽፏል፤ በብዙ 26 ቁጥር ሰፊ ጎማዎች ላይ ከ40 እስከ 65 የሚል ታያላችሁ። ከኋላ ሰው ወይም ጆንያ የምትጭኑ ከሆነ የኋላውን ወደ ላይኛው ቁጥር አስጠጉት። መለኪያ ከሌላችሁ ጎማውን ከጎኑ በአውራ ጣት ጫኑት። ትንሽ ብቻ መስጠት አለበት። ወደ ውስጥ ከሰመጠ ንፉት። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ ግን ጥግ ድረስ የተነፋ ጎማ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ አታቁሙ። አየሩ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ያረጀ ጎማ አይችለውም።

ነፍታችሁት በማግስቱ ከተነፈሰ ጎማውን ከማውለቃችሁ በፊት ቫልቩን ፈትሹ። ምራቅ ጠብ አድርጉበትና ተመልከቱ። አረፋ ከወጣ ችግሩ እዚያው ነው። በአሮጌዎቹ ብስክሌቶች ላይ ያለው ቫልቭ ውስጡ ትንሽ የጎማ ቱቦ አለችው። እሷ ስትደርቅ አየር ታሳልፋለች። ዋጋዋ እዚህ ግባ አይባልም፤ ሁለት ሦስት ገዝታችሁ አስቀምጡ። ሰው በዚች ምክንያት ደህና ከመነዳሪ ሲጥል ማየት ያናድደኛል።

የተበሳ ጎማ መለጠፍ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። መለጠፊያ የሚለቀው በአብዛኛው በችኮላ ምክንያት ነው።

1. ብስክሌቱን ገልብጡት። ፍሬኑን አላሉ፣ የጎማውን ብሎኖች ፈቱ፣ ጎማውን አውጡ።

2. የቀረውን አየር ሁሉ አስወጡ። ከዚያ ጎማውን በሁለት እጅ እየጨመቃችሁ ጠርዙን ከቸርኬው ግድግዳ አላቁና ወደ መሃል ግፉት። መሃሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎማው ይላላል። ይህን የዘለለ ሰው ነው ከማውለቂያው ጋር የሚታገለው።

3. ከቫልቩ ትይዩ ጀምራችሁ አንዱን ጠርዝ ብቻ አውልቁ። ከመነዳሪውን ሳቡ፤ በምን አቅጣጫ እንደነበረ ግን ልብ አድርጉ። በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

4. ከመነዳሪውን ከወትሮው ወፈር እስኪል ንፉትና ቀዳዳውን ፈልጉ። ሳፋ ውስጥ ውኃ ካለ እያሽከረከራችሁ ንከሩት፤ አረፋው ይነግራችኋል። ውኃ ከሌለ ደግሞ የሰፈራችን ጎሚስታ የሚያደርገውን አድርጉ። ዓይኑን ጨፍኖ ከመነዳሪውን በጉንጩ አጠገብ ቀስ አድርጎ ያሳልፈዋል። የጉንጭ ቆዳ ከጣት ይልቅ ቀጭኗን ንፋስ ያውቃል። ሲደርስባት ቀጥ ይላል፤ ከጆሮው ላይ እስክሪብቶ አውርዶ ዙሪያዋን ያከብባል። ምልክቱን ከቀዳዳው ሰፋ አድርጉት፤ ስትፍቁት እንዳይጠፋባችሁ።

5. አየሩን አስወጡ። ቦታውን ከመለጠፊያው ሰፋ አድርጋችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። የጎማው ማብረቅረቅ ጠፍቶ ደብዘዝ ማለት አለበት። ዱቄቱን ጥረጉ።

6. ማስቲሹን በስሱ ቀቡና ተዉት። እርጥብ ላይ መለጠፍ ዋናው ስህተት ነው። አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ በጣታችሁ ጫፍ ስትነኩት ጣት ላይ መውጣት የለበትም። ያን ጊዜ መለጠፊያውን አስቀምጡና ከመሃል ወደ ዳር በኃይል ጫኑት።

7. ከመነዳሪውን ከመመለሳችሁ በፊት የበሳውን ነገር አውጡ። ይህን እባካችሁ አትርሱ። ከመነዳሪውን በነበረበት አቅጣጫ ከጎማው ጋር ብታስተያዩት የቀዳዳው ትይዩ እሾሁን ያሳያችኋል። ካላገኛችሁት ጥጥ ይዛችሁ የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን ጥረጉ። የግራር እሾህ ጫፉ ውስጥ ተሰብሮ ሲቀር ለዓይን አይታይም፤ ጥጡን ግን ይይዘዋል። ቀዳዳው በቸርኬው በኩል ከሆነ ደግሞ እሾህ ፍለጋ አትድከሙ። የሽቦ ጫፍ ነው የበሳው፤ ቸርኬው ውስጥ ያለው መሸፈኛ ተገልጧል ወይም ተቀዷል፤ አስተካክሉት ወይም ለውጡት።

8. ከመነዳሪው ቅርጽ እስኪይዝ ጥቂት ንፉት። ቫልቩን አስገቡ፣ ከዚያ ጎማውን በእጃችሁ መልሱ፤ መጨረሻችሁ ቫልቩ ጋ ይሁን። ሲጠብቅባችሁ ወደ ማውለቂያው አትሩጡ። በተቃራኒው በኩል ያለውን ጠርዝ እንደገና ወደ ቸርኬው መሃል ግፉ፤ ይላላችኋል። ግማሽ ያህል ነፍታችሁ ዙሪያውን ተመልከቱ፤ ከመነዳሪው በየትኛውም በኩል ብቅ ማለት የለበትም። ከዚያ ሙሉውን ንፉ።

ካቴና

ካቴና ሲጮህ ዘይት ጠማው እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጽዳት ነው። ክረምት ላይ መረሬው ጭቃ፣ በጋ ላይ የኮረኮንቹ አቧራ ካቴናው ውስጥ ገብቶ እንደ ሞረድ ብረቱን ይበላዋል። በላዩ ዘይት ስትጨምሩ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ታስገቡታላችሁ።

ጨርቅ ላይ ጥቂት ነጭ ጋዝ አድርጉ። ካቴናውን በጨርቁ ያዙና ፔዳሉን ወደ ኋላ አሽከርክሩ። ጥቁሩ እስኪቀንስ ጨርቁን እየቀያየራችሁ ድገሙት። በጥርሶቹ መካከል ያለውን በጥርስ ብሩሽ አውጡ። ጋዙ ቸርኬውንና የፍሬን ጎማውን እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ፍሬን ያንሸራትታል። በደንብ አድርቁ።

ዘይቱ በጠብታ ነው። ለእያንዳንዷ መጋጠሚያ አንድ ጠብታ፣ ከላይ ሳይሆን ከውስጥ በኩል። ፔዳሉን ለጥቂት ጊዜ አሽከርክሩት፤ ዘይቱ ይግባ። ከዚያ የውጩን ሙልጭ አድርጋችሁ ጥረጉት። ይህ ለብዙ ሰው አይዋጥለትም፤ ዘይት ቀብቶ መጥረግ ማባከን ይመስለዋል። ዘይት የሚጠቅመው ግን ውስጥ ያለው ነው። ውጭ የቀረው አቧራ ይሰበስባል፣ ሱሪያችሁንም ያበላሻል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አትጠቀሙ፤ ውስጡ የብረት ብናኝ አለ። የምግብ ዘይትም ቆይቶ ሙጫ ይሆናል።

ካቴና መቼ ይቀየራል? ገምቶ መናገር አያስፈልግም፤ በማስመሪያ ይለካል። ከአንድ ፒን (መጋጠሚያዋን የያዘችው ክብ ብረት) መሃል ጀምራችሁ፣ መነሻዋን ሳትቆጥሩ፣ እስከ 24ኛዋ ፒን መሃል ለኩ። አዲስ ካቴና ላይ ይህ ርቀት 30.48 ሴንቲ ሜትር ነው። 30.65 ገደማ ከደረሰ ካቴናውን ቀይሩ። 30.8 ካለፈ ዘግይታችኋል፤ የኋላው ጥርስም አብሮ ተበልቷል፤ አዲሱ ካቴና በአሮጌው ጥርስ ላይ ይዘልላል። በጊዜ የተቀየረ ካቴና ጥርሱን ያድናል፤ ወጪውም ያንሳል።

ማርሽ የሌለው ብስክሌት ካላችሁ የካቴናውን መላላትም እዩ። መሃሉን በጣት ስታነሱትና ስታወርዱት ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢንቀሳቀስ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ የኋላ ጎማውን ብሎኖች አላልታችሁ ጎማውን ወደ ኋላ ሳቡና አጥብቁ። ስታጠብቁ ጎማው በሹካው መካከል ቀጥ ማለቱን አረጋግጡ።

ፍሬን

ደብረ ማርቆስ ወይም ደጀን የምትኖሩ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት፤ ቁልቁለታችሁ ይቅርታ አያውቅም። ባሕር ዳር ያለንም ሜዳ ነው ብለን መዘናጋት የለብንም። ባጃጅ ድንገት ዳር ሲይዝ የሚያድነን ፍሬን ብቻ ነው።

የፍሬኑን እጀታ ጨምቁ። ከመሪው ጋር ሊነካካ ከቀረበ ካቦው ልል ነው። ካቦው እጀታው ላይ በሚገባበት ቦታ ትንሽ የምትሽከረከር ብሎን አለች። ወደ ውጭ ስታዞሯት ካቦው ይጠብቃል። እሷ ካለቀች ፍሬኑ ጋ ያለውን ብሎን ፈታ አድርጋችሁ ካቦውን ሳቡና አጥብቁ። ሲጨመቅ በእጀታውና በመሪው መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ቦታ ይቅር። የካቦው ክሮች መበጠስ ከጀመሩ ግን ማጥበቅ አያዋጣም፤ ቀይሩት። በብረት ዘንግ የሚሠራ ፍሬን ያላቸው ጥቁሮቹ የቻይና ብስክሌቶች ካቦ የላቸውም፤ እነሱ ላይ የዘንጉን ማያያዣ ብሎኖች አጥብቁ።

ከዚያ የፍሬን ጎማውን ተመልከቱ። ፊቱ ላይ የተቦረቦሩ መስመሮች አሉ። መስመሮቹ ከጠፉ ጎማው አልቋል። ሲያዝ ሙሉ ፊቱ ቸርኬው ላይ ይረፍ። ወደ ላይ ወጥቶ ጎማውን ከነካ ይቀደዋል። በአዲስ ጎማ ላይ ይህን ዓይነት ጭረት ካያችሁ ዛሬውኑ አስተካክሉት። ፊቱ ላይ የተሰካ ጠጠር ወይም የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ በመርፌ ነቅላችሁ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ ፈግፍጉት። የሚጮኸው ፍሬን ብዙ ጊዜ በዚህ ዝም ይላል። ካልሆነ የፍሬን ጎማው የፊት ጫፍ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ አዘንብሉት።

በዝናብ ጊዜ ቸርኬው እርጥብ ስለሆነ ፍሬን ወዲያው አይዝም። መቆሚያችሁ ከመድረሱ በፊት ቀደም ብላችሁ ቀለል አድርጋችሁ ያዙ፤ ውኃው ይጠረጋል። ሁለቱንም ፍሬን ተጠቀሙ።

ብሎኖች፣ መሪና ፔዳል

ኮብልስቶን ብሎን ይፈታል። ይህ ቀላል ነገር ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ሰው የሚወድቀው ግን በዚህ ነው። የፊት ጎማውን በጉልበቶቻችሁ መካከል ያዙና መሪውን አጣምሙት። ጎማው ሳይዞር መሪው ብቻ ከዞረ ብሎኑን አጥብቁ። ቀጥሎ የፊት ፍሬን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ናጡት። ከመሪው ሥር ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ከተሰማችሁ እዚያ ያለው ኩሽኔታ ልል ነው።

ፔዳል ስታጠብቁ አንድ ነገር እወቁ። የቀኝ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ይጠብቃል። የግራው ግን ተቃራኒ ነው፤ ወደ ግራ ስታዞሩት ነው የሚጠብቀው። ይህን የማያውቅ ሰው አጠበቅኩ ብሎ ይፈታዋል፤ ወይም ሊፈታው ሲታገል የባሰ ያጠብቀዋል። የላላ ፔዳል ይዞ መንዳት ፔዳሉ የሚገባበትን የብረት ክንድ ጥርስ ይበላና ክንዱ በሙሉ ይቀየራል።

ኮርቻውንም እግረ መንገዳችሁን አስተካክሉት። ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ዝቅ ያለው ፔዳል ላይ ስታስቀምጡ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ከተማው ውስጥ ብዙ ሰው ጉልበቱ ደረቱን ሊነካ እየቀረበ ይነዳል። ጉልበቴን አመመኝ የሚለው ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

ክረምት ሲገባ

ከሰኔ እስከ መስከረም ዋናው ጠላት ውኃ ነው። እንጅባራ አካባቢ ያላችሁ ይህን ከእኛ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ዝናብ ከመታው በኋላ ብስክሌቱን እንደነበረ በር ሥር ጥላችሁ አትግቡ። ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ጠዋት ላይ ጥቂት ጠብታ ጨምሩ። ከፓራፋንጎው ሥር የተጋገረውን ጭቃ ሳይደርቅ በእንጨት አውጡ፤ ሲደርቅ ጎማውን ይይዛል። ስታጥቡ ውኃውን በኃይል ወደ ጎማው መሃልና ወደ ፔዳሉ መሃል አትርጩ። እዚያ ውስጥ ግራሶና ኩሽኔታ አለ፤ ውኃው ግራሶውን አጥቦ ያወጣዋል።

ለባለሙያ የሚተወው

ሁሉን ቤት ውስጥ መሥራት አይቻልም። ቸርኬው ከተጣመመ፣ የጎማው ሽቦ ከተበጠሰ፣ የጎማው ወይም የፔዳሉ መሃል ከተንቀጠቀጠ ወደ ሠሪው ሂዱ። የሽቦዎቹን መላላት በጣት በመንካት ማወቅ ይቻላል፤ አንዱ ድምፁ ከሌሎቹ ከወረደ ላልቷል። ልምዱ ከሌላችሁ ግን አትዙሩት። አንዱን ስታጠብቁ ቸርኬው ወደዚያ ይሳባል፣ ሌላው ይጣመማል።

ስትሄዱ የሚሰማችሁን በዝርዝር ንገሩት። «ተበላሸብኝ» ብቻ አትበሉ። «ወንድሜ፣ ዳገት ላይ ስጫነው በቀኝ በኩል ቀጭ ይላል፤ ሜዳ ላይ አይልም» ብትሉት ግማሹን ሥራ ሠራችሁለት። ደህና ሠሪ ወዲያው ይጠይቃችኋል፤ «በያንዳንዱ ዙር ነው ወይስ አልፎ አልፎ?» ይላችኋል። እንዲህ የሚጠይቅ ሠሪ ካገኛችሁ ደንበኛ ሁኑለት።

ዋጋውን ከመጀመሩ በፊት ተስማሙ። የሚቀየር ዕቃ ካለ አሮጌውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ነውር የለውም፤ ስለ ብስክሌታችሁም ትማሩበታላችሁ። አዲስ ከመነዳሪ ከገዛችሁ ሱቁ ውስጥ አስነፉትና በውኃ ፈትሹት፤ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ከመገጣጠሚያው የሚያፈስ አለ። ኔትወርክ እንዳያስቆማችሁ ጥቂት ብር በኪሳችሁ ያዙ። ብስክሌቱን ስትረከቡም እዚያው በር ላይ ሁለቱን ፍሬኖች ጨምቁ፣ መሪውን አጣምሙ፣ ሁለቱን ጎማዎች አሽከርክሩ። የሚነካካ ነገር ካለ ሠሪው ቁልፉን ገና አላስቀመጠም።